ክፉዋ እመቤት አትጮህም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጥላቻ ኃይል ስለሚሆናት እመቤት የሚተርኩትን የጃፓን የፍቅርና የምትሃት አኒሜሽኖች በተመለከተ በአንባቢያን ገጻችሁ የወጣውን ደብዳቤ አንብበናል። ጸሐፊው ወደ አማርኛ ተተርጉመው በደሴና በኮምቦልቻ ከስልክ ስልክ የሚዞሩትን ጥቂት ክፍሎች አይተው «ይህች ሴት ቀኑን ሙሉ ትሳደባለች፤ ልጆቻችን ከእሷ ምን ሊማሩ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ያዩትን በትክክል አይተዋል። ነገር ግን ከጃፓን የተነሳችው እመቤት ተሳዳቢ አይደለችም፤ አፏን ያበላሸነው እኛ ተርጓሚዎቹና ድምፅ ቀጂዎቹ ነን። የት የት ላይ እንደሚበላሽና እንዴት እንደሚቃና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሊናገር ይገባል ብለን ጻፍን።

ዘውጉን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ እንበል። ጃፓኖች «አኩያኩ ሬይጆ» ይሏታል፤ የክፉ ሰው ሚና የተሰጣት የባላባት ልጅ ማለት ነው። ሐሳቡ የተወሰደው ለሴቶች ከተሠሩ የፍቅር ጨዋታዎች ነው። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ የመጀመሪያ የሚባለውን ኮኤይ የተባለው ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. አውጥቶታል። በልብ ወለዶቹ ዘንድ ጨዋታው እንዲህ ነው፦ ደሃዋ ልጅ አልጋ ወራሹን ለማግኘት ስትጥር፣ እጮኛው የሆነችው ኩሩ ወይዘሪት መንገዷን ትዘጋለች፤ በመጨረሻ በግብዣ መሐል ትዋረዳለች፣ ትሰደዳለች ወይም ትሞታለች። (በእውነተኞቹ ጨዋታዎች ውስጥ እንዲህ ያለችው እጮኛ እምብዛም አትገኝም። ያበዟት ልብ ወለዶቹ ናቸው።) በኋላ በኢንተርኔት የሚጽፉ ደራስያን ታሪኩን ገልብጠው በተዋራጇ ዓይን መተረክ ጀመሩ። ጥላቻ የምትመገበዋ ከዚያ የወጣች አንዲት ቅርንጫፍ ናት። ሰው በጠላት ቁጥር ኃይሏ ይጨምራል፣ በወደዳት ቁጥር ትደክማለች። የፍቅሩ ታሪክ የሚጠብቀው እዚህ ላይ ነው፤ የሚወዳት ሰው ሳያውቀው ያስርባታል።

ከዚህ የሚከተለውን ብዙ ተርጓሚ ይስተዋል። እሷ ጥላቻ ተቀባይ እንጂ ሰጪ አይደለችም። ሥራዋ ሌላውን ማናደድ ነው፤ ራሷ ከተናደደች ማዕዱን ለሌላ አሳለፈች ማለት ነው። ስለዚህ በየትዕይንቱ ከሁሉ ቀዝቃዛ ድምፅ የእሷ መሆን አለበት። አልጋ ወራሹ በአዳራሽ መሐል ቆሞ «ከዛሬ ጀምሮ ቃል ኪዳናችን ፈርሷል» ሲላት፣ በሚዞረው ቅጂ ላይ የምትመልሰው «አንተ ወራዳ! ምን አባክ ነው የምትዘባርቀው!» ዓይነት ነው። ሥዕሉን ግን እዩት። ቅንድቧ አይነቃነቅም፣ አንገቷ ቀጥ ብሏል፣ ለሦስት ሰከንድ ያህል ከአፏ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ጩኸት በቆመ ፊት ላይ አይቀመጥም። እዚያ ቦታ ላይ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ነው፦

«ልዑል ሆይ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል። ብርድ ነው ወይስ እኔ?»

ስድብ የለበትም። አዳራሹን ግን ያስቆጣል። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ከማንም መማር የለበትም፤ ሽሙጥና አግቦ የሚባለው ይኸው ነው። (ታላቅ የግብዣ አዳራሽ ምን እንደሚመስል ለድምፅ ተዋንያን ማስረዳት ሲያስፈልግም ሩቅ መሄድ አያሻም። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት አይጠየፍ አለ። ስሙ ለዚህች ሴት ምፀት መሆኑ የእኛ ጥፋት አይደለም።)

አሁን ወደ «አንተ»ና «እርስዎ» እንምጣ፤ ትልቁ ብልሽት ያለው እዚህ ነው። አብዛኛው ተርጓሚ የሚሠራው ከእንግሊዝኛ ሰብታይትል፣ ማለትም በምስሉ ግርጌ ከሚጻፈው ንግግር፣ ነው። እንግሊዝኛ ለልዑሉም ለገረዷም አንድ ቃል ስላለው፣ ተርጓሚው ሁሉንም «አንተ»ና «አንቺ» አድርጎ ያልፋል። ጃፓንኛው ግን እንደ አማርኛ ደረጃ አለው። እመቤቷ አልጋ ወራሹን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ «እርስዎ» ማለት አለባት፤ ስትጠላውም፣ ስታዋርደውም «እርስዎ» ናት። አሥራ ሁለት ክፍል ባለው ተከታታይ ወደ ዘጠነኛው ግድም ለሁለት ብቻቸውን ሲሆኑ አንዴ «አንተ» ብትለው፣ ያቺ አንዲት ቃል ከማንኛውም «እወድሃለሁ» ትበልጣለች። ከመጀመሪያው «አንተ» ያለች ሴት ለዘጠነኛው ክፍል ምን ቀራት?

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ትርጉም ከመጀመሩ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ ይጻፋል። ስድስት ዋና ገጸ ባሕርያት ካሉ 30 አቅጣጫ ይኖራል፤ ምክንያቱም እሷ ለእሱ የምትለውና እሱ ለእሷ የሚለው አንድ አይደለም። ከእያንዳንዱ አጠገብ አጠራሩ የሚለወጥበት ክፍልና ደቂቃ ይመዘገባል። አገልጋዮቿ «እሜቴ» ይሏታል። «ወይዘሮ» በጥንቱ ትርጉሙ ለነገሥታት ዘር ሴት ልክ ነበር፤ የዛሬ ተመልካች ግን ባል ያላት ሴት ብቻ ነው የሚሰማበት፣ ስለዚህ መተው ይሻላል። ሽማግሌው የቤት አዛዥ «አንቱ» ቢላት ደግሞ ደስ ይላል። በገጠሩ ወሎ ገና ያልሞተ ቃል ነው፤ ዕድሜውንም አገሩንም በአንድ ጊዜ ይነግራል።

ደሃዋን ተቀናቃኝ ምን ብላ ትጥራት? «አንቺ» ትክክል ነው፣ ግን ተራ ነው። «እርስዎ» ብትላት የበለጠ ያማል። እናት ያጠፋ ልጇን «እርስዎ ደግሞ ምን ይፈልጋሉ?» ስትለው ልጁ የሚሰማውን ሁላችንም እናውቃለን። ጃፓንኛም ይህን መንገድ ያውቀዋል፤ «ኪሳማ» የሚለው መጠሪያ ጥንት የአክብሮት ነበር፣ ዛሬ ስድብ ነው። «እርስዎ» አንድ ሌላ ጥቅም አለው። ጃፓንኛ በግሱ ላይ ጾታ አያሳይም፤ ጭምብል ያጠለቀ እንግዳ ሲመጣ ወንድ ይሁን ሴት ሳይታወቅ ሙሉ ትዕይንት ሊነጋገሩ ይችላሉ። አማርኛ ላይ «ማን ነህ?» ካሉ ምሥጢሩ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወጣ። «ማን ነዎት?» ካሉ ግን ተደብቆ ይቆያል።

ከእንግሊዝኛ መተርጎም የሚያመጣው ሌላው ጉዳት የቃል ቅደም ተከተል ነው፤ ይህን ሲናገሩ የሚሰማ ሰው ብዙ የለም። ጃፓንኛና አማርኛ ሁለቱም ግሱን መጨረሻ ላይ ያደርጋሉ። ጃፓንኛ አሉታውን ከግሱ በኋላ ይሰካል፤ አማርኛ በ«አል» ጀምሮ በ«ም» ይዘጋዋል። የታሪኩ አደገኛ ንግግር ደግሞ «እወድሻለሁ» አይደለም፤ «አልጠላሽም» ነው። የሚወዳት ወጣት እንዲህ ይላታል፦

«እኔ አንቺን፣ ይህን ሁሉ ካደረግሽ በኋላ እንኳ… አልጠላሽም።»

ሥዕሉ እስከ መጨረሻው ግስ ድረስ ፊቷ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ የኃይሏ ምልክት ሆኖ በዙሪያዋ ያለው ጥቁር ነበልባል የሚከስመው ግሱ ሲያልቅ ነው። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመው ቅጂ «አልጠላሽም፣ ይህን ሁሉ ካደረግሽ በኋላ እንኳ» ይላል። ቃሉ ቀድሞ ይመጣና ነበልባሉ ከሁለት ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ይጠፋል። ተመልካቹ ምን እንዳጠፋው አይገባውም። አማርኛ በተፈጥሮው የሚሰጠንን ነገር በሌላ ቋንቋ በኩል ዞረን እናጣዋለን። የመጨረሻዋ «ም» ደግሞ ከንፈር ታስገጥማለች፤ አፉ ተገጥሞ በሚያልቅ ሥዕል ላይ ልክ ትቀመጣለች።

ስለ አፍ ከተነሳ፣ የዚህ ዓይነት የቴሌቪዥን አኒሜሽን ለንግግር አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የአፍ ሥዕል ብቻ ይጠቀማል፦ የተዘጋ፣ ከፊል የተከፈተ፣ የተከፈተ። ይህ ለቀጂው ምቹ ነው። እያንዳንዱን ፊደል ማስገጠም አያስፈልግም፤ ሦስት ነገር ብቻ ይጠበቅ። ንግግሩ ከአፉ ጋር ይጀምር፣ ከአፉ ጋር ያብቃ፣ በቅርብ ሥዕል ላይ አፉ የሚዘጋበት ቦታ መ፣ በ ወይም ጰ ይውደቅበት። በእርጋታ የሚነገር አማርኛ በሰከንድ ከ5 እስከ 6 ቀለም (ክፍለ ቃል) ይሄዳል። ሥዕሉ በሰከንድ 24 ፍሬም (ቋሚ ሥዕል) ያህል ስለሆነ ለአንድ ቀለም ከአራት እስከ አምስት ፍሬም ይደርሰዋል። ከላይ ያለው የ«አልጠላሽም» ንግግር 20 ቀለም ነው፤ ዝምታውን ሳይጨምር ወደ አራት ሰከንድ ይፈልጋል። ጃፓንኛ ከዚህ ይፈጥናል፣ ስለዚህ በሦስት ሰከንድ የተነገረ ነገር አማርኛው ላይ ማጠር አለበት። ማሳጠር ሲከብድ ማራገቢያዋን ፈልጉ። ይህች እመቤት አፏን በማራገቢያ መጋረድ ትወዳለች፤ ያኔ አፍ ስለማይታይ የፈለጉትን ያህል ማስረዘም ይቻላል። ልምድ ያለው ተርጓሚ ረጅሙን ነገር ሁሉ ለማራገቢያው ያስቀምጣል።

ሳቋ የራሱ ጣጣ አለው። እጇን ከጉንጯ አጠገብ አድርጋ «ኦ-ሆ-ሆ-ሆ» የምትለው ሳቅ በጃፓን ወዲያው ይታወቃል፤ የኩሩ ባላባት ልጅ ምልክት ነው። በአማርኛ ቢደገም ግን የተገረመ ወይም የተጸጸተ ሰው ይመስላል። አፏ በግልጽ በሚታይበት ቦታ ዝቅ ባለ የአፍንጫ ሳቅ ጀምሮ መክፈት ይሻላል። ፊቷ በማይታይበት ቦታ ደግሞ ከሳቅ የሚበልጥ መሣሪያ አለን፤ ከንፈር መምጠጥ። ተቀናቃኟ ቀሚሷ ላይ ወይን ሲፈስባት እመቤቷ ከጀርባ ሆና አንዴ «ምፅ» ካለች፣ ያቺ ልጅ ዕድሜ ልኳን አትረሳትም።

ቅኔ ማስገባት ይፈቀዳል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። በልክ ከሆነ አዎ። በግብዣው ትዕይንት ሁሉም ዓይን ሲያፈጥባት፣ ዋንጫዋን አንስታ «አዳራሹ ሁሉ ጠላ!» ብትል ሰሙ መጠጡ ነው፣ ወርቁ ሁሉም እንደጠላት ነው፤ ጥላቻ ለምትጠጣ ሴት ከዚህ የተሻለ ኅብረ ቃል አይገኝም። በአንድ ክፍል ከአንድ በላይ ከሆነ ግን እመቤቷ መሆኗ ቀርቶ አዝማሪ ትመስላለች። ዋንጫው በግልጽ ቀይ ወይን ሲሆንም አይሠራም፤ ተመልካች ዓይኑን ያምናል።

ቀረጻው ላይ አንድ ነገር አስተውሉ፦ ጥላቻ፣ ጠላት፣ ጠብ፣ ቁጣ፣ ቂም፣ ቅናት፣ ጭካኔ። እነዚህ የጥላቻ ቃላት ሁሉ ጉሮሮ ተይዞ በሚፈነዱ ድምፆች የተሞሉ ናቸው። እነዚህ ድምፆች በሹክሹክታም ይቆርጣሉ፤ ስለዚህ ተዋናይቷ ድምፅ ባታነሳም ክፋቱ ይሰማል። ማይኩ ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን 30 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ይዙር። ከፊቱ የሚሰቀለው ወንፊት የሚያስቆመው የ«ፕ»ንና የ«ፍ»ን ትንፋሽ እንጂ የ«ጠ»ንና የ«ቀ»ን ፍንዳታ አይደለም። ለእነሱ መድኃኒቱ የመቅጃውን መጠን ቀንሶ ከፍተኛው ጫፍ ከ-10 ዴሲቤል እንዳያልፍ ማድረግ ነው። ጫፉ ከተቆረጠ በኋላ ሶፍትዌር ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። ቅጂው በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ በ24 ቢት ይሁን። ግድግዳው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስና ፍራሽ ይበቃል። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቅዳት ግን ልፋት ነው፤ የዝናቡን ድምፅ ማጣሪያ ሊያወጣው ሲሞክር የ«ሰ»ንና የ«ሸ»ን ድምፅ አብሮ ይበላል።

የሕዝቡን ጉምጉምታ ብዙዎች ከኢንተርኔት በተገኘ ድምፅ ይሞሉታል። እዚህ ታሪክ ውስጥ ያ ትልቅ ስህተት ነው፤ ጉምጉምታው የእመቤቷ ምግብ ነውና። ሰዉ ሲያጉረመርም ነበልባሏ ይነሳል፣ ዝም ሲል ይወርዳል። ስድስት ሰዎች አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ቦታ እየቀያየሩ ቢቀዱ 24 ሰው ይሆናሉ። በሦስት ደረጃ ለየብቻ ይቀዳ፦ ሹክሹክታ፣ ጉርምርምታ፣ ግልጽ ቁጣ። ከዚያ ድምፁ ከነበልባሉ ጥቂት ፍሬም ቀድሞ ከፍ ይበል። አብረው ከተነሱ የቱ የቱን እንዳመጣ አይለይም፤ ድምፁ ከዘገየ ደግሞ ሕዝቡ ነበልባሉን ፈርቶ የጮኸ ይመስላል፣ ታሪኩም ይገለበጣል።

ስለ ሰብታይትል አንድ ብቻ። ሰብታይትሉ እየቆየ ሲሄድ ወደ ኋላ የሚቀረው ተርጓሚው ስለሰነፈ አይደለም። ምስሉ በሰከንድ 23.976 ፍሬም የተሠራ ሆኖ ለቴሌቪዥን ወደ 25 ሲፋጠን፣ በ20ኛው ደቂቃ ላይ ሰብታይትሉ 49 ሰከንድ ይዘገያል። በሰከንድ መግፋት አያድነውም፤ ልዩነቱ እያደገ ይሄዳልና። ሰዓቶቹ ሁሉ በ0.959 ይባዙ።

አሁን ጸሐፊው ወዳማረሩበት ጩኸት እንመለስ፤ ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ አይደለም። ፈቃድ ገዝቶ የሚሠራ ሰው ከባለመብቱ ሙዚቃውንና የአካባቢውን ድምፅ ከንግግሩ ተለይቶ ይቀበላል፤ የጃፓንኛውን ንግግር አውጥቶ የአማርኛውን በባዶ ቦታ ያስቀምጣል። ሹክ ብትልም ትሰማለች። ያለ ፈቃድ የሚሠራው ግን ያለው የተቀላቀለው ድምፅ ብቻ ነው። ጃፓናዊቷ ከሥር እየተናገረች አማርኛው ከላይ ይጫናል፤ እንዲሰማ ደግሞ መጮህ አለበት። ተዋናይቷ የምትጮኸው በልዑሉ ላይ ሳይሆን ከሥሯ ባለችው ሴት ላይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ትርጉምን የባለመብቱ መብት ያደርገዋል፤ የሕጉን ጉዳይ ለሕግ ሰዎች እንተወው። በሙያ ዓይን ሲታይ ግን የፈቃዱ ዋጋ የሚገዛው ዋና ነገር ያ ተለይቶ የሚመጣ ድምፅ ነው።

ሙሉውን መሥራት የማይቻል ከሆነ፣ ድምፁን ሳይነኩ በሰብታይትል ብቻ ማቅረብ ይሻላል። በሁለት መስመር፣ በአንድ መስመር ከ30 ፊደል ባይበልጥ፣ ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 ቢቀመጥ፣ አለበለዚያ ፊደሉ በስልኩ ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። «እርስዎ»ው በቦታው እስካለና ግሱ መጨረሻ ላይ እስከወደቀ ድረስ እመቤቷ በጃፓንኛ ድምፅዋም ቢሆን አማርኛዋ ይገባል።

ከአክብሮት ጋር
በትርጉምና በድምፅ ቅጂ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
ደሴ